የጠፍጣፋዋ ዓሣ ጎንና ጀርባ

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የሥነ ሕይወት መምህርት ነኝ። በብልቃጥ ውስጥ ለተቀመጠች አንዲት ትንሽ ጠፍጣፋ የባሕር ዓሣ መግለጫ እያዘጋጀሁ ነው። ሁለቱም አይኖቿ ያሉት በግራ በኩል ሲሆን በጅራቷ ክንፍ ላይ ሁለት ጥቁር ነጥቦች ይታያሉ። «ግራ አይና» ልበላት ወይስ «ባለ ግራ አይን»? አይኖቿ ያሉበትን ገጽ ጀርባ፣ ነጩን ገጽ ሆድ ማለትስ ስሕተት ነው? አንድ ባልደረባዬ ደግሞ የዓሣ «ክንፍ» መባሉ ቀርቶ «መቅዘፊያ» ሊባል ይገባል ይላሉ።

መልስ፦ አስቀድሜ የምመልሰው መካከለኛውን ጥያቄ ነው፤ ሌሎቹ በእርሱ ላይ የቆሙ ናቸውና። አዎን፣ ስሕተት ነው። ይህች ዓሣ አሸዋ ላይ የምትተኛው በሆዷ ሳይሆን በጎኗ ነው። ከእንቁላል ስትወጣ እንደ ማንኛውም ዓሣ በቀኝ አንድ፣ በግራ አንድ ዓይን አላት፤ እያደገች ስትሄድ ግን የቀኙ ዓይን በአናቷ በኩል ተሻግሮ ከግራው አጠገብ ይቀመጣል፣ እርሷም ዓይን በለቀቀው በቀኝ ጎኗ ትጋደማለች። ስለዚህ ወደ ላይ የሚታየው ባለ ቀለሙ ገጽ ግራ ጎኗ፣ የነጣው ቀኝ ጎኗ ነው፤ ጀርባና ሆድ የሚባሉት ደግሞ ሁለቱ ጠርዞች ናቸው። የአዲስ አበባ ሰው ዓሣን በአብዛኛው የሚያውቀው በሳሕን ላይ፣ ያውም ፊሌቶ ሆኖ ስለሆነ፣ ላይ የዋለውን ሁሉ ጀርባ፣ ታች የዋለውን ሁሉ ሆድ ማለት ይቀናዋል። የአካል ክፍል ስሙን የሚያገኘው ግን ከአካሉ አሠራር እንጂ ከአተኛኘቱ አይደለም። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኔየስ በ1758 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የእንስሳት ምደባ ለእነዚህ ዓሦች «ፕሌውሮኔክቴስ» የሚል ስም የሰጠው በግሪክ «ፕሌውራ» ጎን፣ «ኔክቴስ» ዋናተኛ ስለሆነ ነው፤ በጎን ዋኝ ማለት ነው። ይኸው «ፕሌውራ» ጎንንም ጎድንንም የሚጠራ ቃል በመሆኑ፣ ሔዋን የተገኘችበትን የአዳምን ጎን የግሪኩ ኦሪት የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው።

እንግዲህ «ግራ ዓይና» ወደሚለው እንመለስ። አማርኛ «ዓይና»ን ከቁጥር ጋር ማጣመር ያውቅበታል፤ «አንድ ዓይና» አንዱን ዓይኑን ያጣ ነው፣ «አራት ዓይና» ደግሞ የቤተ ክህነት ሰው በታላቅ ክብር የሚጠራው ሊቅ ነው። በሁለቱም ቃሉ የሚናገረው ስንት ዓይን እንዳለ እንጂ ዓይኑ የት እንዳለ አይደለም። ስለዚህ «ግራ ዓይና» ሲባል ሰሚው የሚረዳው ግራ ዓይኗ ብቻ የቀረላትን ዓሣ ነው፤ «ባለ ግራ ዓይን» ደግሞ ይህንኑ ስሕተት ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። የእርስዎ ዓሣ ግን ሁለቱም ዓይኖቿ አሏት፤ እንዲያውም በግራዋ ካሉት አንዱ በትውልዱ የቀኝ ዓይን ነው። እዚህ ላይ ከግዕዝ «ፀጋም» ተነሥተን «ፀጋማዊት» እንበላት የሚሉ አሉ። «ፀጋም» (ግራ) እና «የማን» (ቀኝ) በትግርኛ እስከ ዛሬ ሕያው ናቸው፤ በአማርኛ ግን ግራና ቀኝ ቦታቸውን ከወሰዱ ዘመን ስላለፈ፣ ተማሪው ዓሣዋን ለማወቅ መጥቶ መዝገበ ቃላት ሊያገላብጥ ነው። እኔ ብጠየቅ «ግራኝ» እላት ነበር። ቃሉ አጭር ነው፣ ማንም ያውቀዋል፣ ዝንባሌን እንጂ ብዛትን አይናገርም። ማስረጃው ከእኔ ጋር እንዳልሆነ አልክድም፤ «ግራኝ» ለእጅ ብቻ የተመደበ ነው፣ ለቀኙ ወገን ደግሞ ጥንድ የሚሆነው ቃል የለም። ስለዚህ በመግለጫው ላይ «ሁለቱም ዓይኖች በግራ ጎን» ብለው ይጻፉ። ለማረጋገጥ የዓሣዋን ጀርባ ወደ ላይ፣ ዓይኖቿ ያሉበትን ጎን ወደ እርስዎ አድርገው ይያዙ፤ አፏ ወደ ግራዎ ካመለከተ ግራው ጎን ነው።

ዓይን ላለበት ጎን ግን ከሩቅ ቃል መፈለግ አያስፈልግም፤ ምጣድ አጠገብ ተቀምጦልናል። እንጀራ አንዱ ገጹ ዓይን ያወጣል፣ ሌላው ልሙጥ ነው፤ ዓይኑ የበዛውንም «ዓይናማ» እንለዋለን። «ዓይናማ ጎን» ቢሉ አማርኛው አይጎረብጥም። ለተቃራኒው «ዕውር ጎን» የሚሉትን አልደግፍም፤ ምክንያቴም አንዳንዶች እንደሚሉት ቃሉ ሰውን ያስቀይማል የሚለው አይደለም፣ ጎን ሰው አይደለምና። ዕውር የምንለው ዓይን ሊኖረው ሲገባ የማያይን ነው፤ ይህ ጎን ግን ዓይኑ ለቆት ሄዷል። የሚቀረው «ዓይን አልባ» ነው፣ እርሱንም የምጽፈው ቅር እያለኝ ነው። «አልባ» በግዕዝ የሴት አንቀጽ ሲሆን «የላትም» ማለት ነው፤ ለወንዱ «አልቦ» ይባላል። አማርኛ ግን የሴቷን ወስዶ ለወንዱም ለሴቷም ለብዙውም አደረገው፤ «ቤት አልባ» የሚባለው ሰው ወንድ ይሁን ሴት የሚጠይቅ የለም። ልማዱ ጸንቷልና ይጻፉት።

ባልደረባዎ «ክንፍ የወፍ ነው» የሚሉት አዲስ ክርክር አይደለም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 የሚበላው የውኃ እንስሳ «ክንፍና ቅርፊት ያለው» ተብሎ ተለይቷል፤ ይህን የሰማ ትውልድ የዓሣን ክንፍ ከወፍ ክንፍ ጋር አላምታታም። ለእርሳቸው የሚረዳ ነገር ካለ ዕብራይስጡ ነው፤ በዚያ የወፉ «ካናፍ»፣ የዓሣው «ስናፒር» ተብሎ ተለይቷል። ግሪኩ ግን የዓሣውን «ትናንሽ ክንፎች» ይለዋል፣ የግዕዙ ብሉይ ኪዳንም የተተረጎመው ከግሪክ ነው። ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያስደስተኝ የሥሩ ነገር ነው። ክ-ነ-ፈ በዕብራይስጥ የልብስን ጠርዝ፣ የምድርንም ዳርቻ ይጠራል፣ በዐረብኛም ጎን የሚል ትርጉም አለው። የሕንፃ ክንፍ፣ የጦር ክንፍ ስንልም መብረርን አናስብም። ጠፍጣፋዋ ዓሣ ደግሞ የጀርባ ክንፏ ከዓይኗ አካባቢ ጀምሮ እስከ ጅራቷ ሥር፣ የፊንጢጣዋ ክንፍም በሌላው ጠርዝ በኩል ዙሪያዋን የሚከባት ስለሆነች፣ «ክንፍ» በጥንት ትርጉሙ እንደ እርሷ የሚስማማው ፍጥረት የለም። በአንጻሩ «መቅዘፊያ» የመሣሪያ ስም ነው፤ የታንኳ ነጂው በእጁ የሚይዘው።

ባልደረባዎ ይልቅስ ሊቃወሙት የሚገባው «የክንፍ ጨረር» የሚለውን ነበር። በላቲን «ራዲዩስ» የመንኮራኩር ዘንግንም የብርሃን ጨረርንም ይጠራል፤ ተርጓሚዎቻችን ከሁለቱ የማይሆነውን መረጡ። ክንፉን ወጥረው የሚይዙት ቀጫጭን ዘንጎች ብርሃን አይሰጡም፤ «የክንፍ ዘንግ» ቢባሉ ተማሪው ምን እንደሚቆጥር ያውቃል። ቆጠራው ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፤ ተቀራራቢ ዝርያዎች የሚለዩት በጀርባና በፊንጢጣ ክንፍ ዘንጎች ብዛት፣ በጎን መስመር፣ ማለትም ከራስ ወደ ጅራት በጎን በተዘረጋው መስመር፣ ላይ ባሉት ቅርፊቶችና ዓሣው በሚተነፍስበት ስንጥብ ላይ ባሉት ጥርስ መሰል ተቀጽላዎች ነው። በእርስዎ ዓሣ ወገን የጎኑ መስመር ከደረት ክንፍ በላይ ጎብጦ ካለፈ በኋላ ቀጥ ይላል፣ ከክንፍ ዘንጎቹም እሾህ የሆነ የለም።

በጅራት ክንፍ ላይ ያሉት ሁለት ጥቁር ነጥቦች ወደ «ኤንጊፕሮሶፖን ግራንዲስኳማ» ያመለክታሉ። ይህ ዝርያ በ1846 እ.ኤ.አ. ከጃፓን በተገኘ ናሙና የተገለጸ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻም የሚኖር፣ በርዝመት ከ15 ሳንቲሜትር እምብዛም የማያልፍ ነው። የወገኑ ስም በግሪክ «ቅርብ» እና «ገጽ» ከሚሉ ቃላት የተገኘ ሲሆን፣ የዝርያው ስም በላቲን ታላቅ ቅርፊት ማለት ነው። በዐረብ አገር «ሰመክ ሙሳ» የሚባለውን ሰምተው «የሙሴ ዓሣ» ማለት ቢያምርዎ ግን ይተዉት፤ ሙሴ ባሕሩን ሲከፍል ለሁለት ተሰነጠቀ የሚባልለት ያ ዓሣ ዓይኖቹ በቀኝ ያሉ፣ የሌላ ወገን ነው።

ሁለት ነገር ይቀራል። በደብዳቤዎ «አይን» ብለው በአልፉ አ ጽፈዋል። ዐይን የሚለው ፊደል ስሙም ዓይን ነው፤ የጥንቱ ሴማዊ መልኩ የዓይን ሥዕል ነበር፣ የእኛው ዐም እስከ ዛሬ ክብ ነው፤ ይህን ቃል በሌላ ፊደል መጻፍ ያሳዝነኛል፣ ምንም እንኳ ጋዜጣው ሁሉ በአልፉ ቢጽፈውና ማንም ባይሳሳትበት። ሁለተኛው ግን የጣዕም ጉዳይ አይደለም። አማርኛ ትንሹን ነገር በሴት አንቀጽ መጥራት ይወዳልና እርስዎም እኔም «ዓይኖቿ» ስንል ቆየን፤ በዚህ ዝርያ ግን ወንዱ ከሴቷ የሚለየው በዓይኖቹ መካከል ባለው ሰፊ ርቀት ነው። ርቀቱን ሳይመለከቱ በመግለጫው ላይ «ዓይኖቿ» ብለው ከጻፉ ተማሪው ጾታዋ ተረጋግጦ ሴት የተባለች ይመስለዋል፤ በወንድ አንቀጽ ቢጽፉትም ያው ነው፤ ስለዚህ አንቀጹን ጥለው «ሁለቱም ዓይኖች» የሚለውን ብቻ ያስቀሩ።