ስትገፉ ተንፍሱ፦ ብረትና ደም ቧንቧ፣ ጥያቄና መልስ

ሲስተር፦ የልብ ክፍል ነርስ ነኝ፤ ብረትም አነሳለሁ። ጠይቁ። ዕድሜና የደም ግፊታችሁን ሳትጽፉ "ደህና ነው?" እንዳትሉኝ።

የሰፈር ልጅ፦ ሲስተርዬ፣ 29 ዓመቴ ነው። ስኳት (ብረት ትከሻ ላይ ጭኖ ቁጭ ብድግ) ስሠራ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ይደርሳል። ግፊት ተለክቼ አላውቅም።

ሲስተር፦ ትንፋሽህን አፍነህ ነዋ የምትገፋው! በ1985 የካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አምስት ሰውነት ገንቢዎች ክንድ ደም ቅዳ ውስጥ ቀጭን ቱቦ ከትተው የደም ግፊታቸውን ለኩ። በሁለት እግር ከባድ ክብደት ሲገፉ አማካዩ 320 በ250 ደረሰ። የአንዱ 480 በ350 አለፈ። ቁጭ ሲሉ 120 በ80 የሚሆነው ማለት ነው። ጤነኛ ቧንቧ ለጥቂት ሰከንድ ይችለዋል። አደጋው ከልብ የሚወጣው ትልቁ ቧንቧ፣ አኦርታ፣ ሳታውቅ ሰፍቶ ከሆነ ነው። የውስጡ ሽፋን ይቀደድና ደሙ ግድግዳውን እየሰነጠቀ ይሄዳል። ድንገት ደረት ወይም ጀርባ የሚቀድ ሕመም ከመጣ፣ ወይም ራስ ምታት እንደ መብረቅ ከወረደብህ፣ "ትንሽ ልረፍ" የለም፤ ድንገተኛ ክፍል። ለአሁኑ ክብደት ቀንስ፣ ስትገፋ ተንፍስ፣ ግፊትህን ተለካ።

ጡንቻው፦ ክንዴ ላይ ደም ስሬ ተገትሯል። ያሰጋል?

ሲስተር፦ አያሰጋም፣ ስብህ ቀንሶ ነው። አንድ ክንድህ ብቻ አብጦ ከጠቆረ ግን ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን ታይ።

አዲሱ፦ የትኛው ፕሮቲን ይሻላል?

ሲስተር፦ ሱቅ አለኝ አልኩ እንዴ?

ጡንቻው፦ ቀበቶ ያሰረ ሰው ምንም አይሆንም።

ጋሼ፦ እኛ ሲሚንቶ በሞላንበት የወተት ጣሳ ነው የሠራነው። ቀበቶ የት አይተን!

ጡንቻው፦ ለዚህ ነዋ ጋሼ ወገብዎን የሚያመዎት።

ጋሼ፦ ወገቤን ማን አወራልህ? የኛን ጣሳ አንተ ከመሬት አታነቃንቃትም!

ሲስተር፦ ጣሳውን ተዉልኝ! ቀበቶ ወገብ ይደግፋል እንጂ ግፊት አይቀንስም። ተንፍሱ።

እህት፦ ወንድሜ በ41 ዓመቱ አኦርታው ተቀዶ ሞተ። እኔ 38 ነኝ፣ ግፊቴ 130 በ85። ዴድሊፍት (ብረት ከመሬት ማንሳት) ልቀጥል?

ሲስተር፦ ነፍስ ይማር እህቴ። ሳትታዪ አንድም ከባድ ክብደት አታንሺ። ነገሩ በዘር ይሄዳል፤ የልብ አልትራሳውንድ ተነሺ፣ የወንድምሽንም ታሪክ ለሐኪሙ ንገሪው። የብዙ ሰው አኦርታ መነሻው ላይ ከ3 እስከ 3.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ወደ 4 ከተጠጋ ስንት ኪሎ እንደምታነሺ የሚወስነው ሐኪምሽ ነው፣ አሠልጣኝሽ አይደለም። ወንድሞችና እህቶች ካሉሽ እነሱም ይታዩ።

አዲሱ፦ ሲስተር፣ በአጠቃላይ ብረት ማንሳት ደህና ነው?

ሲስተር፦ ዕድሜ? ግፊት?