ሳልመን ለስድስት እንግዳ፦ ሳይደርቅ፣ ሳይጣበቅ

እህቴ፣ ጥያቄሽ እንዲህ ነበር። ሳልመን አሳ ባበሰልሽ ቁጥር ይደርቅብሻል፤ ከጎኑ ነጭ የረጋ ነገር ይወጣል፤ ቆዳው መጥበሻው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ቅዳሜ ደግሞ ስድስት እንግዳ አለብሽ። ምን ቅመም ይሻላል ነው ያልሽው። ቅመሙን ለጊዜው ተዪው። አሳው የሚበላሸው እሳት ላይ ከሚገባው በላይ ስለሚቆይ ነው።

ቤታችን ሳልመን ይበዛል፤ አብሳይዋም እኔ ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ተናገሪ ብባል "በስሏል ብለሽ ከማመንሽ በፊት አውጪው" እላለሁ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

ምክንያቱን ላስረዳሽ። የበሬ ሥጋ ጅማት ይበዛዋል፤ ጅማቱ እስኪለሰልስ ረጅም ሰዓት ይፈልጋል። አሳ እንደዚያ አይደለም። ሥጋውን እርስ በርስ የሚያያይዘው ነገር ስስ ነው፤ በትንሽ ሙቀት ይሟሟል። ስለዚህ ሳልመንን ብዙ ማብሰል አያለሰልሰውም፤ ትርፉ ውሃውን ጨምቆ ማውጣት ብቻ ነው። ያ የምታዪው ነጭ ነገርም አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን ነው። ሙቀቱ ሲበረታ ሥጋው ይኮማተርና ወደ ውጪ ይገፋዋል፤ ላዩ ላይ ሲደርስ ይረጋል። አይጎዳም፣ ይበላል። ጥቂት ቢወጣ ችግር የለውም። ሞልቶ ሲፈስ ግን እሳቱ በዝቷል ማለት ነው።

ቁጥሩ ይኸው። የአሜሪካ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣናት የአሳው ውስጥ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲደርስ ይመክራሉ። ብዙ የሬስቶራንት አብሳዮች ደግሞ ሳልመንን 50 ወይም 52 ላይ ያወጡታል። ከእሳት ከወረደ በኋላም ውስጡ መሞቁን ቶሎ አያቆምም፤ እንደ ውፍረቱ ጥቂት ዲግሪ ይጨምራል። እኔ ለጤነኛ አዋቂ ሰው 52 ላይ አወጣዋለሁ። ነፍሰ ጡር፣ ትንሽ ልጅ፣ አዛውንት ወይም በሽታ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ካለ ግን ያለ ክርክር 63 ነው። ከእንግዶችሽ መካከል እንዲህ ያለ ሰው እንዳለ ቀድመሽ ጠይቂ። ደግሞ 63 ማለት ደረቅ ማለት አይደለም። ልክ እዚያ ሲደርስ ካወጣሽውና ቀድመሽ ጨው ውሃ ውስጥ ካቆየሽው ጥሩ ሆኖ ይበላል። እንጨት የሚሆነው ከዚያም አልፎ ሲቆይ ነው።

ለዚህ ትንሽ የምግብ ቴርሞሜትር ግዢ። ከማንኛውም ውድ መጥበሻ በላይ ይጠቅምሻል። ጫፉን በጣም ወፍራም በሆነው ቦታ መሃል አስገቢው። ቴርሞሜትር እስክታገኚ ድረስ የቢላ ጫፍ አስገብተሽ ገለጥ አድርገሽ እዪ። ሥጋው በንብርብሩ እየተለያየ፣ መሃሉ ግን ገና ትንሽ ብርሃን የሚያሳልፍ ከመሰለ ለአዋቂ ሰው ጊዜው ደርሷል። መሃሉም እንደ ዳሩ ብርሃን የማያሳልፍ ሆኖ ካገኘሽው ሳይዘገይ አውርጂው። 63 ለሚያስፈልገው ሰው ግን በዓይን አትገምቺ።

አሁን ወደ ቅዳሜ እንምጣ። ለስድስት ሰው ስድስት ቁራጭ መጥበሻ ላይ አትጥበሺ። ይህን አጥብቄ ነው የምልሽ። መጥበሻው አይበቃም፤ የመጀመሪያው ሲቀዘቅዝ የመጨረሻው ይደርሳል፤ አንቺም እንግዳ ትተሽ ምድጃ ስር ትቆሚያለሽ። ይልቅ ከ1 ኪሎ እስከ 1.2 ኪሎ የሚሆን አንድ ጎን ሙሉ ፊሌቶ፣ ቆዳው እንዳለ፣ ግዢና ኦቨን ውስጥ በዝግታ አብስዪው። ለአንድ ሰው ከ170 እስከ 200 ግራም ይደርሳል። ይበቃል፤ ሳልመን ቅባት ስላለው ቶሎ ያጠግባል።

መጀመሪያ እሾሁን። በጣትሽ ከራሱ በኩል ጀምረሽ በመሃሉ መስመር ዳብሺው። ጥቃቅን ጫፎች ይሰሙሻል። በወረንጦ ያዢና ባዘነበሉበት አቅጣጫ ጎትቺ። ወደ ላይ ቀጥ አድርገሽ ከሳብሽው ሥጋው ይቀደዳል። ሻጩ አውጥቼዋለሁ ቢልሽም ዳብሺ።

ቀጥሎ ጨው ውሃ። በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 4 የሾርባ ማንኪያ ጨው አሟሚ። አሳውን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ብቻ ንከሪው። ጨው ላዩን ሥጋ እርጥበት እንዲይዝ ያደርገዋል፤ ያ ነጭ ነገርም በጣም ይቀንሳል። ከዚያ አውጥተሽ በወጥ ቤት ሶፍት ደህና አድርገሽ አድርቂው። ጨው ገብቶለታልና በኋላ ሌላ ጨው አትጨምሪ፤ ብዙ ሰው አሳው ላይ ጨው የሚያበዛው እዚህ ላይ ነው።

ኦቨኑን 130 ዲግሪ ላይ አሙቂ። ትሪው ላይ የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፊ። አሳውን ቆዳውን ወደ ታች አድርገሽ አስተኚው። የጅራቱ ጫፍ ስስ ስለሆነ ከስር እጠፊው፤ አለዚያ መሃሉ ሳይደርስ ጫፉ ይደርቃል። የወይራ ዘይት ቀቢው። ቁንዶ በርበሬ፣ የተፈገፈገ የሎሚ ልጣጭ፣ ካሻሽ በጣም የደቀቀ ትንሽ ነጭ ሽንኩርት። በቃ። የሎሚውን ጭማቂ ግን አሁን አታፍስሺ። አሲድ ጥሬውን አሳ ራሱ "ያበስለዋል"፤ ላዩ ይነጣና ይፈረካከሳል። ጭማቂው ገበታ ላይ ነው የሚጨመረው።

3 ሳንቲሜትር ያህል ውፍረት ላለው ጎን ከ25 እስከ 35 ደቂቃ ይወስዳል። ከ20ኛው ደቂቃ ጀምረሽ ለኪ። ይህን ያህል ዝቅ ያለ ሙቀት የሚጠቅመው ለምንድን ነው? ዳሩና መሃሉ ተቀራርበው ስለሚደርሱ ነው። በ200 ዲግሪም ይሆናል፤ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ግን እዚያ ላይ 2 ደቂቃ መዘናጋት ያበላሻል። በ130 ብትዘናጊ ይቅር ይልሻል። እንግዳ ያለበት ቤት ደግሞ መዘናጋት አይቀርም፤ በር ይንኳኳል፣ ስልክ ይጮኻል።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትደነግጪ። በዝቅተኛ ሙቀት የበሰለ ሳልመን ቀለሙ ብዙም አይለወጥም። አይጠቁርም፣ አይጠበስም፤ ሮዝ እንደሆነ ይወጣል። "ጥሬ ነው እንዴ?" የሚል እንግዳ አይጠፋም። ቴርሞሜትሩ ያየውን ንገሪያቸውና አቅርቢ። ለዓይን እንዲያምር ከፈለግሽ የቅጠላ ቅጠል ክትፍ ላዩ ላይ በትኚበት።

የቆዳውን ነገር ደግሞ ጠይቀሻል። በኦቨን ሲሆን ቆዳው ለስላሳ ይሆናል፤ አይበላም፤ ስታነሺው ትሪው ላይ ይቀራል። ይህ ጥሩ ነው፣ ማቅረቡን ያቀልልሻል። ሲበሉት ኮርሸም የሚል ቆዳ የሚገኘው መጥበሻ ላይ ነው። ለሁለት ሰው ስትሠሪ ሞክሪው። ቅርፊቱ በደንብ መፋቁን አረጋግጪ። ቆዳውን እስኪደርቅ ጥረጊው፤ ለመጣበቁ ዋናው ምክንያት እርጥበት ነው። መጥበሻው መጀመሪያ ይሙቅ፣ ከዚያ ዘይት፣ ከዚያ አሳው በቆዳው በኩል። ሲነካው ይኮማተራልና በመገልበጫ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ጫን በዪው። አሁን እሳቱን መካከለኛ አድርጊና እጅሽን ሰብስቢ። አትነቅንቂው። ቆዳው ሲደርቅና ሲጠበስ በራሱ ይላቀቃል። ለማንሳት ስትሞክሪ እምቢ ካለ ገና አልደረሰም ማለት ነው፤ አንድ ደቂቃ ጠብቂው።

ከጎኑ እያየሽ ቀለሙ ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ተከታተዪ። ከአራት እጁ ሦስቱ ያህል ሲነጣ ገልብጪው። በሌላው በኩል አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ ያነሰም ይበቃል። ማለትም ማብሰሉ ሁሉ ማለት ይቻላል በቆዳው በኩል ነው። ሁለቱንም ጎን እኩል የሚጠብስ ሰው አሳው ለምን እንደደረቀ ሲጠይቅ ይኖራል። ደግሞ የተጠበሰ ቆዳ ላይ መረቅ አታፍስሺ፣ ክዳንም አትክደኚ፤ እንፋሎቱ ያርሰዋል። መረቁ ከስር ወይም ከጎን ይሁን።

በውሃ መቀቀልም አለ። ውሃው እንዳይፈላ፤ ትንሽ እየተነነ፣ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ይቆይ። ለሰላጣ ቀዝቅዞ ለሚበላ አሳ ጥሩ ነው። ለእንግዳ ግን አልመርጠውም፤ ጣዕሙ ቀለል ይላል።

ስለ መግዛት ትንሽ። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው የአትላንቲክ ሳልመን ነው፤ ይህም በአብዛኛው በእርባታ ያደገ፣ በተለይ ከኖርዌይና ከቺሊ የሚመጣ ነው። ቅባቱ ብዙ ስለሆነ ለጀማሪ ይመቻል። ከፓስፊክ የሚመጣው፣ በዱር ያደገው ሶካይ የሚባል የሳልመን ዓይነት ግን ቅባቱ አነስተኛ ነው። ቀለሙ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ጣዕሙ ጠንካራ ነው፤ ቶሎም ይደርቃል። እሱን ከገዛሽ ደቂቃውን ቀንሺ፤ ለጤነኛ አዋቂ ከሆነ 49 ወይም 50 ላይ አውጪው። ለቅዳሜ ግን የአትላንቲኩን ብትይዢ ይሻላል።

ቀለም የትኩስነት ምልክት አይደለም። ቀዩ ቀለም አስታዛንቲን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው የሚመጣው። የዱሩ ከሚበላቸው ሽሪምፕ መሰል ፍጥረታት ያገኘዋል፤ ለእርባታው መኖው ውስጥ ይጨመርለታል። ስለዚህ "ይሄ ቀይ ነው፣ ትኩስ ነው" ለሚልሽ ሻጭ ጆሮ አትስጪ። አሽትቺው። ትኩስ አሳ የባሕር ሽታ ነው ያለው፤ አሳ አሳ የሚል ከሆነ ቆይቷል። በጣትሽ ስትጫኚው መልሶ ካልተነሳ ወይም ንብርብሩ ከተላቀቀ ተዪው።

በረዶ የሆነውን አትናቂ። ተይዞ ወዲያው ከቀዘቀዘ፣ ለቀናት በረዶ ላይ ተኝቶ "ትኩስ" ከሚባለው ሊበልጥ ይችላል። ማታ ወደ ፍሪጅ አውርጂውና ያድር። በቫኪዩም፣ ማለትም አየሩ ወጥቶ፣ የታሸገ ከሆነ ማሸጊያውን ቀድመሽ ክፈቺው፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። አየር በሌለበት የሚራባ፣ ፍሪጅ ቅዝቃዜ ውስጥም መርዝ ማመንጨት የሚችል ባክቴሪያ አለ። ከተቸኮልሽ በሌላ ላስቲክ አስረሽ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሪው። ውጪ፣ ጠረጴዛ ላይ አታቅልጪው። ከቀለጠ በኋላ በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ይብሰል።

"ጥሬውን በሎሚ ብናቀርበውስ?" የሚል ከመጣብሽ እምቢ በዪ። ሎሚና ጨው አሳ ውስጥ የሚገኙ ጥገኛ ትሎችን በአስተማማኝ ሁኔታ አይገድሉም። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ጥሬ ለሚበላ አሳ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች 7 ቀን ማቆየትን ይመክራል። የቤት ፍሪዘር ደግሞ ብዙ ጊዜ ያን ያህል አይቀዘቅዝም።

አቀራረቡ ቀላል ነው። አሳው ከኦቨን እንደወጣ 5 ደቂቃ ይረፍ። ሁለት ሰፊ መገልበጫ በሥጋውና በቆዳው መካከል አስገብተሽ ወደ ሰፊ ሳህን አንሺው። ቢሰበርም ግድ የለም፤ ቅጠሉ ይሸፍነዋል። ሳልመን ትኩስ ካልሆነ የማይበላ ምግብ አይደለም፤ ለብ ብሎ እንዲያውም ይጣፍጣል። እንግዳ ቢዘገይ አትጨነቂ፤ ብቻ ከ2 ሰዓት በላይ ውጪ አይቀመጥ።

ቅባት ያለው አሳ ጎምዛዛ ነገር ይፈልጋል። እኔ እርጎ ላይ የተፈገፈገና ውሃው የተጨመቀ ኪያር፣ ዲል የሚባለውን ቅጠል፣ ትንሽ ጨውና ሎሚ እቀላቅላለሁ። ጠዋት ሠርተሽ ፍሪጅ ብታስቀምጪው ይበልጥ ይጣፍጣል። ሰናፍጭ፣ ማርና ሎሚም ይሄዳል። በክሬም የበዛ ወፍራም ሶስ ግን በቅባት ላይ ቅባት ነው፤ ሦስተኛ ጉርሻ ላይ ይሰለቻል። ከጎኑ የተቀቀለ ድንችና አንድ አረንጓዴ አትክልት ይበቃል። አራት ዓይነት አትደርድሪ።

ከቆዳው ስር ግራጫ ቡናማ ስስ ሥጋ ታያለሽ። አልተበላሸም። ቅባት የበዛበት የጡንቻ ክፍል ነው፤ ጣዕሙ ስለሚከብድ የማይወዱት አሉ። ስታቀርቢ በማንኪያ ፋቅ አድርገሽ መተው ትችያለሽ።

የተረፈውን ፍሪጅ አስገቢ፤ 3 ቀን ይቆያል። በማይክሮዌቭ አታሙቂው፤ ቤቱን ሁሉ አሳ አሳ ያሸተዋል። ቀዝቃዛውን ፈርፍረሽ በሰላጣ ወይም ዳቦ ውስጥ ብዪው።

የምታገኚው ፊሌቶ ከ2 ሳንቲሜትር የሳሳ ከሆነ ያልኩሽ ደቂቃ አይሠራም። ገዝተሽ ስትለኪው ውፍረቱን ጻፊልኝና አብረን እናስላው።