ማፍረስን ተማሩ፦ ለወጣት የግንባታ ባለሙያዎች

ልጆቼ፣

ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ከፍርስራሽ ብሎኬት ለማምረት የትኛውን ማሽን እንግዛ?» ትላላችሁ። ጥያቄው ደስ ይለኛል። ማሽኑ ግን ይቆያችሁ። መጀመሪያ ማፍረስ ተማሩ።

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ሲፈርስ ቆማችሁ እዩ። ኤክስካቫተሩ ግድግዳውን ይንደዋል። ኮንክሪቱ፣ ጄሶው፣ ጭቃው፣ እንጨቱ፣ የመብራት ገመዱና ላስቲኩ አንድ ላይ ይደባለቃሉ። ሲኖትራኩ ጭኖት ይሄዳል፣ በቃ። ከዚያ በኋላ እንለየው ብትሉ ወጪው ከአዲስ ኮረት ይበልጥባችኋል። የፍርስራሹ ዋጋ የሚጠፋው እዚያው ግቢው ውስጥ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው።

ቆርቆሮ፣ በርና መስኮት፣ ማገርና ወራጅ ቀድመው ይውረዱ። የምናለሽ ተራ ሰዎችና ቆራሌዎች ይህን ሥራ ከእኛ ከመሐንዲሶቹ በፊት ያውቁታል። አክብሯቸው፣ አብራችሁ ሥሩ። ጄሶ ለብቻው ይነሳ። ከሲሚንቶ ጋር ከተቀላቀለ ውሎ አድሮ ያብጥና ኮንክሪቱን ይሰነጥቀዋል። የድሮ የአስቤስቶስ ክዳን ካያችሁ ደግሞ አደራ፣ እንዳትሰብሩት። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ያመጣል። የሚያውቅ ሰው እስኪመጣ ሥራው ይቁም።

ጥርብ ድንጋይና ጡብ ካገኛችሁ ለመፍጨት አትቸኩሉ። በኖራ የተገነባ ጡብ ቀስ ብላችሁ ስትመቱት ኖራው ይረግፋል፣ ጡቡ ሙሉውን ይወጣል። በሲሚንቶ የተያያዘው ግን አብሮ ይሰበራል።

ፌሮው ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። ልጆች ኮንክሪቱን በመዶሻ ቀጥቅጠው ፌሮ ያወጣሉ። አቃንተው ይሸጡታል። እንጀራቸው ነው፣ አልነቅፋቸውም። ነገር ግን ታጥፎ የተቃና ብረት በታጠፈበት ቦታ ተጎድቷል። ኮለን (ቋሚ ምሰሶ) ወይም ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) ውስጥ እንዳትከቱት። ወደ ማቅለጫ ይሂድ።

አሁን ንጹሕ ኮንክሪት ቀረላችሁ። ይህ ይፈጫል። ሲፈጭ እያንዳንዱ ጠጠር ላይ የድሮው ሲሚንቶና አሸዋ ተጣብቆ ይቀራል፤ እሱ ደግሞ ውሃ ይጠጣል። በዓይናችሁ እዩት። ጥቂት ኪሎ አድርቃችሁ መዝኑ። 24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። ላዩን በጨርቅ አብሳችሁ እንደገና መዝኑ። ከካባ (ከድንጋይ ማውጫ) በመጣው አዲስ ጠጠርም እንዲሁ አድርጉና አወዳድሩ። ልዩነቱን ስታዩ፣ ከፍርስራሽ የተሠራ ሚክስ (የኮንክሪት ድብልቅ) ለምን ቶሎ እንደሚደርቅ ይገባችኋል። ቀን ሠራተኛው ሲደርቅበት ውሃ ይጨምራል። ውሃ ሲበዛ ጥንካሬው ይወርዳል። መፍትሔው ጠጠሩን ከመቀላቀላችሁ በፊት ማርጠብ ነው። ይኸው ነው፣ ግን ስንቱ ይዘለዋል!

ብሎኬቱ ደከመ ብላችሁ ሲሚንቶ የምታበዙም አላችሁ። በዓለም ላይ ከሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 8 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከሲሚንቶ ነው። የድሮ ጠጠር ስትጠቀሙ የሚተርፈው ካባውና የመኪናው ነዳጅ ነው። ያንን አትርፋችሁ ሲሚንቶ ከጨመራችሁ ለአካባቢው ምን ሠራችሁለት? ስለዚህ ጠጠሩን አቅሙ በሚችለው ቦታ አውሉት። ከአስፋልት ሥር ለሚገባ ሙሌት፣ ለእግረኛ መንገድ፣ ለግቢ ንጣፍና ጭነት ለማይሸከም ግድግዳ ግሩም ነው። ፎቅ በሚሸከም ኮንክሪት ውስጥ ግን ከጠጠሩ የተወሰነውን ብቻ ተኩበት፣ ያውም ከላቦራቶሪ ውጤት በኋላ።

«ቆሼ፣ የአዲስ አበባ ቆሻሻ መጣያ ያለው ክምርስ?» የሚለኝ አለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ገደለ። ዛሬም ያንገበግበኛል። ለዓመታት የተደባለቀ ነገር ነው። ውስጡ የሚበሰብስ አለ፣ ጋዝ አለ፣ ከባትሪና ከቀለም የወጣ መርዝ አለ። ከእሱ የወጣ አፈር ሳይመረመር የሰው መኖሪያ ግድግዳ ውስጥ አይገባም። የእናንተ ድርሻ ነገ ወደ እንዲህ ያለ ክምር የሚሄደውን መቀነስ ነው።

ለመጀመር ትልቅ ካፒታል አትጠብቁ። አንድ የሚፈርስ ቤት ፈልጉ፣ ባለቤቱን ወይም ኮንትራክተሩን ጥቂት ቀን ለምኑ። ለይታችሁ አውርዱ። የወጣውን ሁሉ በዓይነት በዓይነቱ መዝግቡ። ብሎኬት ስታመርቱ ከየዙሩ ናሙና ወስዳችሁ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ላቦራቶሪ አስጨፍልቁ፣ ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፉ። ገዢ ሲመጣ ከብሎኬቱ በፊት ደብተሩን አሳዩት።