ስፖንጁን ራጅ ከማስነሳትህ በፊት መዝነው

ወንድሜ፣ «ደብረ ብርሃን የምናመርተው የፍራሽ ስፖንጅ ብዙም ሳይቆይ መሃሉ ይጎደጉዳል፤ ሆስፒታል ወስደን ሲቲ ስካን ብናስነሳው ምክንያቱ ይታወቅ ይሆን?» ብለህ ጠይቀሃል። ፎም ፋብሪካ ጥራት ክፍል ሠርቻለሁ፤ ለማስተርሴም የፖሊዩሬታን (ስፖንጁ የሚሠራበት ፕላስቲክ) ናሙና ውጭ ልኬ በማይክሮ ሲቲ፣ ማለትም ጥቃቅን ነገር አጉልቶ በሚያሳይ ሲቲ ስካን፣ አስነስቻለሁ። የማውቀውን ልንገርህ።

የሆስፒታሉ አይሆንህም። እሱ ለይቶ የሚያሳየው እስከ ግማሽ ሚሊሜትር አካባቢ ነው። የስፖንጁ አንድ ዓይን፣ ማለትም አንዷ የአየር ቀዳዳ፣ ራሱ ከዚያ ብዙም አይበልጥም። እንደ ጭቃ ቤት ማገር ጭነቱን የሚሸከሙት ቀጫጭን ዘንጎች ደግሞ ከዚያ በብዙ እጅ ይቀጥናሉ። የምታገኘው ግራጫ ጉም ነው።

ማይክሮ ሲቲ ሌላ ነገር ነው። ናሙናው እየዞረ ብዙ መቶ ራጅ ይነሳና ኮምፒውተሩ ገጣጥሞ ውስጡን በየአቅጣጫው ያሳይሃል። ፖሊመር ራጅን እምብዛም ስለማያስቀር ቮልቴጁን ዝቅ አድርጉልኝ በል፤ አጥንትና ድንጋይ ማንሳት የለመደ ባለሙያ ካልነገርከው በለመደው ያነሳልሃል።

ዋናው ጣጣ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፦ ፕላስቲኩ የት አብቅቶ አየሩ የት ይጀምራል? ድንበሩን የምትወስነው አንተ ነህ፤ ትንሽ ነካ ስታደርገው ዘንጎቹ ሁሉ ይወፍራሉ ወይም ይበጣጠሳሉ። ዳኛው ሚዛን ነው። ስፖንጅህ በሜትር ኩብ 24 ኪሎ ከሆነ፣ ድፍን ፖሊዩሬታን ደግሞ 1,200 ኪሎ ገደማ ስለሆነ፣ ከይዘቱ ፕላስቲኩ 2 በመቶ ብቻ ነው። ምስሉ 4 በመቶ ካለህ አትመነው። በዓይኖቹ መሃል ያለው ስስ ሽፋንም ብዙ ጊዜ ከምስሉ ይጠፋል፤ ዝግ የነበረው ክፍት መስሎህ ጉድ ትሆናለህ።

ጥንካሬን በተመለከተ፣ ክፍት ዓይን ባለው ፎም ግትርነቱ በክብደቱ ካሬ ልክ ይሄዳል፤ ክብደቱ በግማሽ ሲቀንስ ግትርነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። አረፋው ሲነሳ ዓይኖቹ ወደ ላይ ስለሚረዝሙ በዚያ አቅጣጫ ሲጫኑት ይበልጥ ይጠነክራል። ስለዚህ ከመቁረጥህ በፊት በእስክሪብቶ ወደ ላይ ቀስት ሥራበት። ቀስት የሌለው ናሙና ለእኔ ጥራጊ ነው። ማሽኑ ውስጥ እየተጫነ ሲነሳ ደግሞ ስፖንጁ እኩል እንደማይተኛ ታያለህ፤ አንድ ረድፍ ዓይን ቀድሞ ይታጠፋል፣ ጎረቤቱ ይከተላል። በየደረጃው ተጭኖ ቆም ካላለ ግን ናሙናው እየተንቀሳቀሰ ምስሉ ይደበዝዛል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ በ30 በመቶ አካባቢ ያንሳል። የሚነሳውን አረፋ የሚጫነው አየር ሲቀንስ አረፋው ይበልጥ ይነፋል፣ ስፖንጁም ይቀላል። ያንኑ ቅመም ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ብታፈሱት ከበድ ያለ ስፖንጅ ይወጣችኋል። ኬሚካሉን የሸጠላችሁ ሰው የሰጣችሁ መጠን ለቆላ የተሠራ ከሆነ፣ ጥርጣሬዬ እዚያ ነው።

ከብሎኩ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች እኩል ኩብ ቆርጠህ መዝን። ከታሰበው ከቀለለ ከቅመሙ ውስጥ አረፋውን የሚነፋውን ውሃ ቀንሱ። ክብደቱ ልክ ሆኖ ከጎደጎደ ግን ማይክሮ ሲቲው ያኔ ገንዘቡን ያወጣል፤ ዮርዳኖስ ያለው ሴሳሜ የሚባለው ሲንክሮትሮን (በጣም ኃይለኛ ራጅ የሚያመነጭ የምርምር ማሽን) እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ለዚህ ዓይነት ምስል የተሠራ መስመር አለው፣ ዩኒቨርሲቲ ይዛችሁ ጠይቁ። የሚዛኑን ውጤት እዚሁ ለጥፍልን።