ገንዘቡን የምትልከውን እህትሽን ጠይቂያት

ውድ እህቴ፣

12ኛ ክፍል ጨርሰሻል። ሥዕል መማር ትፈልጊያለሽ፤ እናትሽ ግን አካውንቲንግ ካልሆነ ብለዋል። ወጪሽን የምትሸፍነው ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራው ታላቅ እህትሽ ናት። «የልጄን ላብ ቀለም አትገዢበትም» የሚለው የእናትሽ ቃል እንቅልፍ ነስቶሻል።

እህትሽ ራሷ ምን አለች? ደብዳቤሽ ውስጥ እናትሽ ይናገራሉ፣ አጎትሽ ይናገራሉ፣ ጎረቤት ሳይቀር ይናገራል። ገንዘቡን የምታገኘው ልጅ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ይሄ የብዙ ቤት ጉዳይ ስለሆነ ያናድደኛል። ዓረብ አገር ያለችው ትልካለች፣ እዚህ ያለው ይወስናል። አምና ለአጎትሽ ልጅ ሰርግ ከዚሁ ገንዘብ እንደወጣ ጽፈሻል። ያኔ «ምን ያተርፋል?» ብሎ የጠየቀ የለም። ለድግስ ሲወጣ ክብር ተባለ፤ ለሥዕል ትምህርት ሲሆን ብክነት ሆነ። ይህንን ለእናትሽ በአክብሮት፣ ግን ሳትፈሪ ንገሪያቸው።

ለእህትሽ ደግሞ ራስሽ ደውይላት። እስከ መቼ ለመቆየት እንዳሰበች፣ ስትመለስ ምን መሥራት እንደምትፈልግ፣ በስሟ የተቀመጠ ብር እንዳለ ጠይቂያት። ከሌለ የሷ ቁጠባ ካንቺ ትምህርት ይቅደም። አንድ ዓመት ሠርተሽ ብትጀምሪ ምንም አይቀርብሽም።

ሠዓሊውን ሎሬት አፈወርቅ ተክሌን አንስተሻል። እውነት ነው፣ እንግሊዝ አገር የተላኩት ማዕድን ምህንድስና ሊማሩ ነበር፤ የተማሩት ግን ሥዕል ነው። ሆኖም የላካቸው መንግሥት ነው። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ያለው ትልቁ የመስታወት ሥዕላቸውም ታዝዞ የተሠራ ነው። ያንቺን ወጪ የተሸከመችው አንዲት የቤት ሠራተኛ ናት።

ስለዚህ በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ስም የተሰየመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ስትገቢ ወደ ግራፊክስ አዘንብዪ። ማተሚያ ቤት የመጽሐፍ ሽፋን ስሠራ ዓመታት ቆይቻለሁ። የሽፋን፣ የማስታወቂያ፣ የማሸጊያ ሥራ በየጊዜው ይመጣል፤ ሸራ የሚገዛ ሰው ግን ረጅም ጊዜ ያስጠብቃል። ማታ ማታ ሸራሽን ከመሣል የሚከለክልሽ የለም።

አካውንቲንግ ተምሮ ሥራ ያጣውን ሰፈርሽ ውስጥ ፈልጊ፣ ታገኚዋለሽ። «ሴት ልጅ ሠዓሊ» ለሚሉሽም መልስ አትስጪ።

መግቢያው የተግባር ፈተና አለው። ከዛሬ ጀምሮ እጅና ፊት በእርሳስ ሣዪ፤ ወደ ጅዳ ግን ዛሬ ማታውኑ ደውዪ።