የሙት ባሕሩ አክሲዮን፦ ስለ አይሲኤል ጥያቄና መልስ

ጋሼ፦ የዛሬው ተራ የአይሲኤል ነው፤ ከሙት ባሕር ፖታሽና ብሮሚን የሚያወጣው የድሮው እስራኤል ኬሚካልስ። አክሲዮኑ በቴል አቪቭም በኒውዮርክም ይሸጣል። ግዙ፣ አትግዙ አልልም። ያልገባችሁን ጠይቁ፤ የምጠራችሁ በከተማችሁ ስም ነው።

ነታንያ፦ ጋሼ፣ የባንኬ መተግበሪያ ላይ ዋጋው ሁለት ሺህ ምናምን ይላል። አንዷ አክሲዮን ይህን ያህል ናት እንዴ?

ጋሼ፦ አጎሮት ነው። ቴል አቪቭ ላይ ዋጋ የሚጻፈው በአጎሮት ነው። ለመቶ አካፍዪው፤ ሁለት ሺህ ማለት 20 ሼቅል ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ የትርፍ ክፍፍሉ ወፍራም ነው ሲባል ሰማሁ። ለጡረታ ይሆናል?

ጋሼ፦ ባለፈው ዓመት ክፍፍል አትጎምጂ። የኩባንያው ፖሊሲ ከተስተካከለው (አንዴ ብቻ የሚያጋጥም ገቢና ወጪ ከወጣለት) የተጣራ ትርፍ እስከ ግማሽ ማከፋፈል ነው። ትርፉ ሲወርድ ክፍፍሉም ይወርዳል። በ2022 ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አተረፈ። በ2024 ግን ከ400 ሚሊዮን ብዙም አልዘለለም። ወፍራም የተባለው ክፍፍል የ2022ቱ ነው።

ሐይፋ፦ ስፔሻሊቲ ኬሚካል አምራች አይደል? እንዲህ ያለ ኩባንያ እንዴት ትርፉ እንዲህ ይዋዥቃል?

ጋሼ፦ ጥያቄ ማለት ይኼ ነው! ስፔሻሊቲ የሚባለው ደንበኛ ለሚሰጠው ጥቅም የሚገዛው፣ በቀላሉ በሌላ የማይተካው ኬሚካል ነው። አይሲኤል እሱም አለው፤ ግን ፖታሽም ይሸጣል። ፖታሽ ማዳበሪያ ነው፤ ዋጋውን የሚወስነው የዓለም ገበያ ነው። በ2022 ቤላሩስ ማዕቀብ ላይ ነበረች፣ ሩሲያ ጦርነት ገባች፣ ዋጋው ሰማይ ነካ። ከዚያ ወረደ። ስለዚህ የኩባንያውን ስም ትታችሁ በየዘርፉ የተከፋፈለውን የሽያጭና የትርፍ ሰንጠረዥ አንብቡ።

እኔ የምወደው ብሮሚኑን ነው። የሙት ባሕር ውሃ ሰዶም አጠገብ ባሉት ኩሬዎች በፀሐይ ይተናል። መጀመሪያ ተራው ጨው ይዘቅጣል፣ ቀጥሎ ካርናላይት የሚባለው የፖታሲየምና የማግኒዥየም ጨው፤ ፖታሹ የሚወጣው ከእሱ ነው። የተረፈው ውሃ ብሮማይድ፣ ማለትም በጨው መልክ ያለ ብሮሚን፣ የሞላበት ነው። ክሎሪን ሲነፋበት ብሮሚኑ ይለቃል፦ ቀይ ቡናማ፣ ጢሱ ሳንባ የሚያቃጥል ፈሳሽ። ከዚያ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ እሳት እንዳይዘው የሚያደርግ ውህድ ይሠራበታል፤ ለነዳጅ ጉድጓድ ቁፋሮም ይውላል። ተራ የባሕር ውሃ በሊትር 65 ሚሊግራም ገደማ ብሮማይድ አለው። ሙት ባሕር 5 ግራም ገደማ። ይህን ልዩነት ተፎካካሪ በገንዘብ አይገዛውም። በዮርዳኖስ በኩል የአሜሪካው ኩባንያ አልበማርል ከዚያው ባሕር ይቀዳል፤ አሜሪካ አርካንሳስም ከመሬት በታች ጨዋማ ውሃ አለ። ከዚያ ውጪ ብዙ ቦታ የለም። ግን ብሮሚንም ቢሆን የኤሌክትሮኒክስ ገበያ ሲቀዘቅዝ ይቀዘቅዛል።

ፍራንክፈርት፦ ጋሼ፣ በአጭሩ ጥሩ አክሲዮን ነው?

ጋሼ፦ ጥሩ ለማን? ለስንት ዓመት? እንዲህ አይጠየቅም።

አዲስ፦ ዳሎል ላይ ጥለውን የሄዱት እነዚህ አይደሉም? በ2015 እዚያ ፖታሽ ሊያወጣ የነበረውን አላና ፖታሽን ገዙ፣ በ2016 እብስ አሉ።

ሐይፋ፦ ተገፍተው ነው እንጂ። ግብር ተጫነባቸው፣ መሠረተ ልማቱም አልተሟላላቸውም።

አዲስ፦ ያ የኩባንያው ወሬ ነው። ግብር ክፈሉ ማለት መግፋት ነው እንዴ?

ሐይፋ፦ ታዲያ ለምን ግልግል ዳኝነት ሄዱ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ መሐል ቤት የተጎዳው የአፋር ልጅ ነው፤ ሥራ ይጠብቅ ነበር።

ጋሼ፦ በቃ! ክርክራችሁን ሌላ ቦታ ጨርሱ። ለባለአክሲዮን የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው፤ ፖታሽ ከባድና ርካሽ ስለሆነ ወደብ ካልደረሰ ዋጋ የለውም። ከሰዶም በ18 ኪሎ ሜትር የማጓጓዣ ቀበቶ ሽቅብ ይወጣል፣ ከዚያ በባቡር አሽዶድ ወደብ ይገባል። ዳሎል ላይ ይህ አልነበረም።

ነታንያ፦ ታዲያ ሥጋቱ ምኑ ላይ ነው?

ጋሼ፦ 2030! ስንቴ ልበለው? የሙት ባሕር ሀብት የመንግሥት ነው። ኩባንያው የሚሠራው በ1961ዱ የኮንሴሽን (ሀብቱን የማውጣት ፈቃድ) ሕግ ነው፤ ጊዜው በ2030 ያበቃል። ከዚያ በኋላ ማን፣ በምን ያህል ሮያሊቲ (ለመንግሥት የሚከፈል የማዕድን ድርሻ) እና ግብር ይሠራል? የአክሲዮኑ ዋጋ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ከ2030 ወዲያ ያለውን ትርፍ እንደ ዛሬው አድርጎ የሚያሰላላችሁን ተንታኝ አትስሙ።

ሌላም ወጪ አለ። ከትነት ኩሬዎቹ አንዱ፣ አምስተኛው ኩሬ ሥር ጨው በዓመት 20 ሳንቲሜትር ያህል ይከመራል። ውሃው አብሮ ከፍ እያለ ዳርቻው ላይ ያሉትን የዔን ቦቄቅ ሆቴሎች ያሰጋል። ጨው የማንሳቱን ወጪ 80 በመቶ የሚሸፍነው ኩባንያው ነው፤ በ2012 የተስማሙት እንዲያ ነው። ይህን ማንም አይጠይቀኝም፣ ሁሉም ስለ ክፍፍል ነው የሚያወራው።

ፍራንክፈርት፦ እሺ፣ ክፍፍሉ በየስንት ጊዜው ነው?

ጋሼ፦ በየሩብ ዓመቱ። ግን ያልኩትን አንብብ፤ የባለፈው ዓመት ክፍፍል ቃል ኪዳን አይደለም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ከክፍፍሉ ላይ የእስራኤል ግብር ይቆረጥብኛል?

ጋሼ፦ ይቆረጣል። ስንት እንደሚመለስልሽ የሒሳብ ባለሙያሽን ጠይቂ።

አዲስ፦ አሜሪካ ሴንት ሉዊስ ሊሠራ ስለነበረው የባትሪ ግብዓት ፋብሪካስ?

ጋሼ፦ በ2022 የአሜሪካ መንግሥት 197 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ መደበለት፣ በ2025 ኩባንያው ፕሮጀክቱን ተወው። ጉዳዩ ተዘግቷል፣ ቀጣይ።