ውርጭ የመታው ሁሉ አልሞተም፦ የጓሮ ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ከሐዋሳም ከዙሪያዋ ደጋዎችም የሚመጣው ጥያቄ ሁሉ ስለ ውርጭ ነው፣ ጓሮው ጠቁሯል፣ የቱ ይድናል፣ የቱ ይነቀል? በተራ ልመልስ።

ቲማቲሜ በአንድ ሌሊት ጠቁሮ ተኮማተረ፣ ውሃ ባጠጣው ይነሳል?

አይነሳም። ንቀሉትና ብርዱ ሲያልፍ አዲስ ችግኝ ትከሉ።

ከሻሸመኔ ወደ ኮፈሌ መውጫ የሚኖር ወንድም የተዳቀለ አቮካዶው ቅጠሉ ሁሉ ቡናማ ሆኖበት ጎረቤቱ «ሞቷል፣ ከስሩ ቁረጠው» ብሎታል።

ወንድሜ፣ ገጀራውን አስቀምጥ! በዚህ ወቅት ከውርጩ በላይ የሚያሰጋኝ ችኮላ ነው፣ ስንት የሚድን ዛፍ ነው በጥር ተቆርጦ የሚቀረው። ቅጠሉን ተወውና ቅርንጫፉን እየው። ከጫፍ ጀምረህ ቅርፊቱን በጥፍርህ ትንሽ ፋቅ አርግ፣ ከቅርፊቱ በታች አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ሕይወት አለው፣ ቡናማና ደረቅ ከሆነ እዛ ጋ ሞቷል፣ አረንጓዴ እስክታገኝ ወደ ታች እየወረድክ ፋቅ። ግን ድንበሩን አገኘሁ ብለህ ዛሬውኑ አትቁረጥ፣ ምክንያቱም ዛሬ አረንጓዴ የሆነው ከሳምንታት በኋላ ሊደርቅ ይችላል፣ ደግሞ ስትቆርጠው የሚያወጣውን ለጋ ቀንበጥ ሌላ ውርጭ ይጨርሰዋል። በልጉ ገብቶ ማቆጥቆጥ ሲጀምር ዛፉ ራሱ የት ድረስ እንደሞተ ያሳይሃል፣ ያኔ ቁረጥ።

የተዳቀለበትን ቋጠሮ፣ ማለትም የገዛኸው ዝርያ ከስሩ ዛፍ ጋር የተጣበቀበትን ቦታ፣ ደግሞ ፈልገው። ከቋጠሮው በላይ አረንጓዴ ካለ የገዛኸው ዝርያ ተርፏል። ከበታቹ ብቻ ከበቀለ ግን የበቀለው የስሩ ዛፍ ነው፣ ሃስ የሚባለውን የአቮካዶ ዝርያ ብለህ ከገዛኸው ሃስ አያፈራልህም፣ ችግኝ ጣቢያ ጠይቀህ እንደገና ይዳቀል። ቅጠል የሌለው ግንድ ቀን በፀሐይ ስለሚሰነጠቅ ኖራ በውሃ በጥብጠህ ቀባው፣ ዩሪያ አሁን አትስጠው።

ሙዜስ?

ከላይ ቢደርቅም ከመሬት ውስጥ ያለው ኮረት፣ ወፍራሙ የስሩ ክፍል፣ ካልበሰበሰ ልጅ ያወጣል። ጠብቁት።

ጽጌረዳዬ...

ጽጌረዳ ለዚህ ብርድ አይሞትም፣ አይዟችሁ።

ከሀገረ ሰላም አንዲት እናት እንሰታቸው ቢጫ ሆኖ ጠወለገ፣ ውርጭ ነው ብለው የተበላሸውን በቢላ እየቆረጡ ነው።

እማማ፣ እባክዎ መቁረጡን ያቁሙ። ውርጭ ከሆነ በአንድ ሌሊት የጎረቤትም የእርስዎም እንሰት፣ ያልተጋረደው ቅጠል በሙሉ አንድ ላይ ነው የሚቃጠለው፣ መሃሉ ካልተነካ አዲስ ቅጠል ይሰጣል። አንዱ እንሰት ብቻ ከመሃል ቅጠሉ ጀምሮ ቢጫ ሆኖ ከታጠፈ፣ ሲቆረጥም ቢጫማ ፈሳሽ ካወጣ ግን አጠውልግ ነው የምጠረጥረው። ይሄ የባክቴሪያ በሽታ ነው፣ መድኃኒት የለውም፣ ከእንሰት ወደ እንሰት የሚያደርሰው ደግሞ ያው ቢላ ነው። ቢላውን እሳት ላይ አግለው ያጽዱት፣ ከብት ወደ ማሳው አያስገቡ፣ የቀበሌዋን የልማት ሠራተኛ ዛሬውኑ ጠርተው ያሳዩ። እኔ ከሩቅ ሆኜ ልወስንልዎ አልችልም፣ በዓይን መታየት አለበት። የዓመት ምግብዎ ነው እኮ።

ማታ ላስቲክ ባለብስስ?

ጆንያ ይሻላል። ላስቲክ ከሆነ ቅጠሉን እንዳይነካ እንጨት አቁሙበት፣ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ግለጡት። ቀን ላይ መሬቱን አጠጡት፣ እርጥብ አፈር ሙቀት ይዞ ያድራል።